የእትዬ ደብሪቱ የማጠጣት ፈቃድ

«እትዬ፣ ውሃው ሄደ እንዴ?» ብዬ ከአጥሩ ወዲህ ጮህኩ።

አልመለሱልኝም። እትዬ ደብሪቱ ግቢያቸው መካከል ቆመው የውሃ ጎማ ይዘዋል። ከጎማው ጠብታ አይወጣም። እሳቸው ግን አፉን ወደ መሬት አዘቅዝቀው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ በዝግታ ያወዛውዙታል። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሰው ብቻውን ሲከርም ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ እኔም ከሬዲዮ ጋር ተጨቃጭቄ የተኳረፍኩበት ሰሞን ነበር። «ይኸው፣ እሳቸውም ደረሰባቸው» አልኩ በልቤ። ሮጬ ገብቼ ከበርሜሌ አንድ ጆግ ውሃ ቀዳሁና በአጥሩ ላይ ዘረጋሁላቸው።

ጎማውን ጥለው ወደ ኋላ ዘለሉ። በዚያ ዕድሜያቸው እንደዚያ ይዘላሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«አንተ ቢሻው! አርቅልኝ! ልታስባርረኝ ነው?»

«ውሃ ነው እኮ እትዬ።»

«መሆኑንማ አየሁት! ለዚህ አይደል የምጮኸው? ተማሪ ነኝ፤ ተማሪ ውሃ አይነካም!»

እትዬ ደብሪቱ የአጠጪዎች ማሠልጠኛ መግባታቸውን የሰማሁት እንዲህ ነው። ያ ውዝዋዜ የቤት ሥራቸው ኖሯል።

ከተማችንን ለማያውቅ ሰው ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይኖርብኛል። ስሟ ይቅር፤ የሚኖሩባትም ብዙ ጊዜ አይጠሯትም። አንድ በጋ የከተማዋ ሹም ግቢ ውስጥ ያለው ሣር ቢጫ ሆነ። አንደኛው አማካሪ «ውሃ በዝቶበት ነው» አለ። ሁለተኛው «አንሶበት ነው» አለ። ሁለቱም የተከበሩ ሰዎች ስለነበሩ ሁለቱም ልክ ናቸው ተባለ፤ ጥፋቱም ባጠጣው እጅ ላይ ቀረ። ወዲያው የአጠጣጥ መሥሪያ ቤት የሚባል ተቋቋመ። ያልሠለጠነ እጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተክል እንዳያጠጣ ታወጀ። በየመንገዱ «ጎማ የያዘ ሁሉ አጠጪ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ተሰቀለ። አነበብነው፤ ልንከራከረው አልቻልንም። እውነት ነው፤ ጎማ ይዞ መኪና የሚያጥብም አለ።

ባለፈቃድ አጠጪ ግን ጥቂት ነው፣ ተክል ደግሞ ብዙ። ተራ መያዝ መጣ። ተራው ሳይደርስ የደረቀ ተክል «በሥርዓት የደረቀ» የሚል አረንጓዴ ቆርቆሮ ሰሌዳ ይንጠለጠልበታል። መጀመሪያ ሰው አፈረበት፤ በኋላ ግን በሰሌዳው ብዛት መፎካከር ጀመረ። ሥርዓት ያከበረ ቤት ማለት ነዋ። አንዳንዱ ግቢ ሰሌዳው ከመብዛቱ የተነሣ ከሩቅ ሲያዩት ለምለም ይመስላል።

በድብቅ ያጠጣ አልነበረም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረ። ግን የረጠበ አፈር ሽታውን የት ይደብቁታል? ተቆጣጣሪዎቹ በአፍንጫቸው ይመጣሉ፤ የቤቱን ቧንቧ አሽገው ይሄዳሉ።

ዝናብስ? ስለ ዝናብም መሥሪያ ቤቱ አስቦበታል። ዝናብ ፈቃድ የለውም፤ መጠኑንም ለማንም አያሳውቅም። ስለዚህ ሲመጣ ባለቤቱ ተክሉን መሸፈን አለበት። እኔ ጃንጥላ ጠጋኝ ነኝ፤ ያን ክረምት እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም። ጃንጥላውን ጽጌረዳው ላይ ዘርግቶ እሱ ራሱ እየበሰበሰ የሚቆም ሰው በየግቢው አይቻለሁ። በየግቢው አንድ አንድ ሰው። ማንም ማንንም አይጠራም።

የጎዳን እሱ ነው፤ የተክሉስ ነገር ይሁን። ከአዋጁ በፊት ምሽት የሚባል ነገር ነበረን። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሁሉም ጎማውን ይዞ ይወጣል። ሰው ዝም ብሎ ጎረቤቱን ሊያይ አይወጣም፤ ያሳፍራል። ጎማ ይዞ ግን ይወጣል። እኔ ጎመኔን አጠጣለሁ፣ እትዬ ደብሪቱ ወዲያ ማዶ ኮካቸውን ያጠጣሉ፤ ወሬው በአጥሩ ላይ ይመላለሳል።

«ቢሻው፣ ጎመንህ ባለቤቱን መሰለ፤ አጥንቱ ወጣ።»

«የእርስዎ ኮክስ? ጥላውን ወደኔ፣ ፍሬውን ወደ እርስዎ! እንደዚህ ያለ ወገንተኛ ዛፍ አይቼ አላውቅም።»

«ጥላውም ቢሆን በዛብህ። ምን ሠርተህ ነው ከፀሐይ የምትሸሸው?»

ሚስቴ ከሞተች፣ ልጆቼም በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ በቀን ውስጥ የማወራው ይህችኑ ነበር። ደንበኛ ይመጣል፤ ግን ጃንጥላ የሚያስጠግን ሰው ሰማዩን እያየ ነው የሚያናግራችሁ። አዋጁ ሲወጣ ምሽቷም አብራ ተከለከለች። አንድ ሁለቴ ባዶ እጄን አጥሩ ጋ ወጥቼ ቆሜ ነበር። እትዬም በመስኮት አይተውኝ ወጡ።

«ምን ጠፋህ?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ደህና።»

ተያይተን ቆምን። እጃችንን የምናደርግበት አጥተን ሁለታችንም ገባን።

አሁን ስለ ኮኩ። ግንዱ እትዬ ደብሪቱ ግቢ፣ አጥሩ ሥር ነው፤ ግማሹ ቅርንጫፍ ወደኔ ያጋደለ ነው። እትዬ የተከሉት አንዲት ልጃቸውን ጡት ያስጣሏት ዕለት ነው። ልጅቷ አድጋ ከወንዙ ማዶ ካለው አገር አገባች። እናቷን ለመጠየቅ የምትመጣው በዓመት አንዴ ነው፤ እሱም ኮኩ ሲበስል። እትዬ የመጀመሪያውን ፍሬ በመንገደኛ ይልኩላታል፤ ልጅቷ ስትቀምሰው ጓዟን ሸክፋ ትመጣለች። ልማዳቸው ነው፤ ሌላ መጠራሪያ አላበጁም። ባለፈው ዓመት ዛፉ ተራ ሲጠብቅ ከርሞ አላፈራም። ልጅቷም አልመጣች።

«ነይ ብሎ መላክ አይቻልም ወይ?» ብያቸው ነበር።

«ምን ብዬ? አሞኛል ብዬ? አላመመኝም። ናፍቀሽኛል ብዬ? እንደሱ ተባብለን አናውቅም። ኮኩ ነበር የሚልልኝ። ዛፉ ከደረቀ በምን ልጥራት?»

ለዚህ ነው የተመዘገቡት። «ተራ ጠብቄ ሰሌዳ ከምሰቅል ራሴ ሠልጥኜ ዛፌን በእጄ አጠጣለሁ» አሉ። እኔም ደስ አለኝ። ፈቃዱን ካገኙ እሳቸው ዛፋቸውን፣ እኔም ምሽቴን አገኛለሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ከትምህርት ሲመለሱ የዕለቱን ሁሉ ያጫውቱኝ ነበር። የሚያስተምራቸው መምህር ዘርጋው የሚባል፣ ልብሱ ላይ ጠብታ አርፎ የማያውቅ ንጹሕ ሰው ነው። ፈቃድ የሌለው ውሃ ስለማይነካ ሠልጣኞቹ የሚለማመዱት በደረቅ ጎማ ነው። መምህሩም የተማረው በደረቁ ነው፤ ያስተማረውም ሰው እንደዚሁ። የመጀመሪያው ትምህርት አቋቋም ነው፤ የእግር አጣጣል፣ የአንገት አያያዝ። ሁለተኛው ዝምታ። ጎማ የያዘ ሰው አይናገርም፤ ቃል መጠን ያዛባል ይላሉ። ሦስተኛው ጥማት ነው።

«የተክሉን ጥማት የሚወስነው ማነው መሰለህ?» አሉኝ እትዬ። «ጎረቤት ቀርቦ ያስረዳል። እኔ እጄን አወጣሁና ‘ቅጠሉ ጠውልጎ እያየነው ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?’ አልኩ። መምህሩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‘ተክሉ ባለጉዳይ ነው፤ ባለጉዳይ በራሱ ጉዳይ አይመሰክርም።’»

ያን ዕለት አጥሩን ተደግፈን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ሌላ ቀን ያንኑ አንሥቼ ላስቃቸው ብሞክር ፈገግ ብቻ አሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ምሽት «ባለጉዳዩ እንዴት ዋለ?» ብዬ ወደ ኮኩ ብጠቁም፣

«ቢሻው፣ በዚህ አይቀለድም። መርህ አለው» አሉኝ።

የዝምታው ልምምድ ሲጀመር ደግሞ ወሬው ጭራሽ ቀረ። ምሽት ላይ ይወጣሉ፤ ደረቅ ጎማቸውን ይይዛሉ፤ እግራቸውን ይተክላሉ። እኔ ከወዲህ አወራለሁ። ስለ ጎመኔ አወራለሁ፤ ሰሌዳ ስለተሰቀለበት። ደንበኛዬ ረስቶት ስለሄደው ጃንጥላ አወራለሁ። እሳቸው ጎማ ይዘዋልና አይመልሱም። ሲጨርሱ ጎማውን ጠቅልለው፣ ደክሟቸው፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰላምታ ሰጥተውኝ ይገባሉ። የኮኩ ቅጠል ከዳር ከዳር እየተጠቀለለ ነበር። በደረቅ ጎማ በየማታው ያጠጡታል፤ እሱም በየማታው ይጠወልጋል።

ፈተናው ሲደርስ አንድ ቀን አጥሩ ጋ ጠሩኝ። ጎማ አልያዙም።

«ቢሻው፣ ምስክር እፈልጋለሁ።»

«የምን?»

«የንጹሕ እጅ። ማሠልጠኛው ከዚህ በፊት አጠጥቶ የሚያውቅ እጅ አይቀበልም። የለመደ እጅ አይቀናም ይላሉ። ጎረቤት ቀርቦ መመስከር አለበት።»

«ምን ብዬ?»

«ሳጠጣ አይተኸኝ እንደማታውቅ።»

«እትዬ! ያን ሁሉ ዘመን አብረን…»

«እሱን ነው ማለት የሌለብህ» አሉኝ። ኮኩን ቀና ብለው አዩት፤ ቀጥሎ እኔን። «ብቻ እንዳትንተባተብ። አንተ ስትዋሽ ትንተባተባለህ።»

የፈተናው አዳራሽ ሰፊ ነው፤ ምንጣፉ ሳር የመሰለ አረንጓዴ። እትዬ ደብሪቱ ባዶ የአበባ ማሰሮ በደረቅ ጎማ አጠጡ። ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ ማሰሮውን አየና «ድንቅ ነው፤ ምንም አልፈሰሰም» አለ። መምህር ዘርጋው በኩራት ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ እኔ ተጠራሁ።

«ጎረቤት ነህ?» አለኝ ሰብሳቢው።

«ነኝ።»

«አጥር ትጋራላችሁ?»

«እንጋራለን።»

«ማታ ማታ ወደ አጥሩ ትወጣ ነበር?»

«እወጣ ነበር።»

«ስትወጣ ወይዘሮ ደብሪቱን ምን ሲያደርጉ ታያቸው ነበር?»

ያወሩኝ ነበር ብል፣ ሲያወሩ እጃቸው ምን ይዞ ነበር ይለኛል። ይስቁ ነበር ብል፣ ምን አስወጥቷቸው ይስቃሉ ይለኛል። የትኛውንም ምሽት ባነሣ ጎማው አብሮ ይነሣል። ከምሽቶቹ አንዱን ትቶ ሌላውን መካድ አይቻልም ነበር።

«አይቻቸው አላውቅም» አልኩ።

«ጎረቤትህን?»

«አላውቃቸውም።»

«አንድም ቀን ተነጋግራችሁ አታውቁም?»

«አናውቅም።»

«ስማቸውንስ?»

እትዬ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊት ለፊት ያያሉ። አንገታቸው ቀጥ ያለ ነው፣ እንደተማሩት።

«አሁን እርስዎ ሲጠሩት ሰማሁ» አልኩ።

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ ባልደረቦቹ ዞረ። «በዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ እንዲህ ያለ ምስክር ቀርቦልኝ አያውቅም» አላቸው። «ሌላው ሁሉ ወዳጅ፣ ዘመድ፣ አበልጅ ነው። ይህ ሰው ግን ከአጥር ማዶ ኖሮ እንኳ አልቆሸሸም።» ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «አለመተዋወቃችሁ ጸድቋል። እንዳታፈርሱት» አለኝ።

መቼም ሰው ሲመሰገን ደስ ይለዋል። እኔ ግን ስወርድ ደረጃው ጠፍቶኝ በመምህራኑ በር ወጣሁ።

እትዬ ከፊት ከፊት ሄዱ፣ እኔ ከኋላ። የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው አይሄዱምና ርቀቴን ጠበቅሁ። መንገዱ ጭር ያለበት ጥግ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አልዞሩም። እስክደርስ ጠበቁኝ።

«ትንሽ እንኳ አልተንተባተብክም» አሉኝ።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ እንዳትንተባተብ ያሉኝ?»

«ብዬሃለሁ» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ፈቃዱ ወጣላቸው። ግራጫ ካፖርትና ባርኔጣ ተሰጣቸው። የቀረውን ሕግ የነገሯቸው ካፖርቱን ከለበሱ በኋላ ነው። ባለፈቃድ አጠጪ የራሱን ግቢ አያጠጣም፤ «ለራሱ የሚቆርስ አያሳንስም» ነው ነገሩ። የሚያውቀውን ሰው ግቢም አያጠጣም፤ አድልዎ ይገባበታል። በእኛ ከተማ ደግሞ የማይተዋወቅ ስለሌለ አጠጪ ሁሉ ወደ ሩቅ ሰፈር ይመደባል። እዚያም ቆይቶ ሰው ስሙን ከጠየቀው፣ ወይም የሚጠጣ ነገር ካቀረበለት፣ ተዋውቋል ተብሎ ይዛወራል። ጎበዝ አጠጪ የሚባለው ሳይዛወር ብዙ የቆየው ነው።

እትዬ ደብሪቱ ጎበዝ ከሚባሉት ሆኑ። ማለዳ ይወጣሉ፤ ሲመሽ ይገባሉ። በሩ ሲዘጋ እሰማለሁ። ወደ ግቢ አይወጡም። እኔም አልጠራቸውም፤ ማን ብዬ ልጥራቸው?

እንዲህ እያለ አንድ ቀን እሳቸው ሥራ ላይ ሳሉ ተቆጣጣሪው መጣና ኮኩን ዞሮ ዞሮ አየው። ግንዱ ላይ አረንጓዴውን ሰሌዳ ሰቀለ። ወደኔ ያጋደለው ቅርንጫፍ ላይ ግን ገና ቅጠል ነበር።

«ጌታዬ፣ ይኼኛው በኩል አልሞተም እኮ» አልኩት በአጥሩ ላይ።

«የኔ ሥልጣን እስከ አጥሩ ነው» አለኝ። «በዚህ በኩል ደርቋል። በዚያ በኩል ስላለው ያ ግቢ ያስብበት።»

ሰሌዳ የተሰቀለበትን ዛፍ ማጠጣት ክልክል ነው፤ አስከሬን እንደማጉረስ ይቆጠራል። እትዬ ማታ ገብተው ሰሌዳውን ሲያዩ በአጥሩ ሽንቁር አየኋቸው። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቆሙ። ቆርቆሮውን በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ዥው ዥው አለ። እስኪያቆም ጠብቀው ገቡ።

የተቆጣጣሪው ቃል ግን ከጆሮዬ አልጠፋም። በማግስቱ ወደ አጠጣጥ መሥሪያ ቤት ሄጄ «በግቢዬ በሕይወት ያለ ቅርንጫፍ አለ፤ አጠጪ ይላክልኝ» አልኩ።

መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ «ግንዱስ?» አለኝ።

«ግንዱ ሌላ ግቢ ነው፤ እሱ ሞቷል።»

«እንግዲያው ችግር የለም» አለና የሚመደብ አጠጪ መፈለግ ጀመረ። እዚህ ላይ ጃንጥላ መጠገኔ ጣጣ አመጣ። ከአጠጪዎቹ አንዱን ቢጠራ «የጃንጥላዬን ሽቦ የቀየረው ነው»፣ ሌላውን ቢጠራ «የእናቴን ጃንጥላ የሰፋው»። ከተማው ሁሉ ያውቀኛል ለካ! ማታ ማታ ከሬዲዮ ጋር ስኮራረፍ ይህን ብሰማ ኖሮ ሳልጽናና አልቀርም ነበር። ሠራተኛው ሊያሰናብተኝ ሲል ድንገት ፊቱ በራ።

«ቆይ፣ አንዲት አሉ! ከአንተ ጋር አለመተዋወቃቸው በአዳራሽ የጸደቀ።»

በቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ያን ሁሉ ዘመን የተገናኘነው በአጥር ነው፤ በበሬ ገብተው አያውቁም። ግራጫ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ግንባራቸው ላይ ደፍተው ቆመዋል። ከስተዋል።

«ጤና ይስጥልኝ» አሉኝ። «ውሃ የሚጠጣ ቅርንጫፍ አለ የተባለው እዚህ ነው?»

«እትዬ…»

«ቧንቧዎ በየት በኩል ነው?»

አንተ ሲሉኝ የኖሩ ሰው እርስዎ ሲሉኝ፣ ከጀርባዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞሬ ልይ ነበር። ቧንቧውን አሳየኋቸው። ጎማውን ሰኩ፤ እግራቸውን ተከሉ፤ አንገታቸውን አቀኑ። እኔ ቧንቧውን ከፈትኩ።

ውሃው ሲመጣ እጃቸው ደነገጠ። ጎማው ተወራጨ፤ ካፖርቱ ላይ ረጨ። ጥቂት ቆይተው አፉን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፤ ውሃው እንደ ማራገቢያ ተዘረጋ። እንደ ዱሮው። ከዚያ የተተከለው እግራቸው ተነቀለ። ወደ አጥሩ ተጠጉ፤ ቁጢጥ አሉ፤ የረገፈውን ቅጠል በመዳፋቸው ጠርገው ውሃውን ከአጥሩ ሥር ለቀቁት። ሥር አጥር አያውቅም። ውሃው ወደ ማዶ ሲሰርግ አፈሩ ሸተተ።

እኔ ማውራት ጀመርኩ። ምን እንዳወራሁ እንጃ። ጎመኔ ስለሞተበት አኳኋን፣ ስለ ራሴ መክሳት፣ በሰፈሩ ስላለው ዝምታ። አንዴ ትከሻቸው የተነቃነቀ መሰለኝ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ በጀርባ አይለይም። ጎማ ይዘዋልና መልስ አልጠበቅሁም።

ሲበቃው ቧንቧውን ዘጋሁ። ጎማውን እጥፍጥፍ አድርገው መሬት ላይ አኖሩት። እጃቸው ባዶ ሆነ። አሁን መናገር ይፈቀድላቸዋል።

«እንዴት ያዩታል?» አልኳቸው። «ለዘንድሮ ፍሬ ይደርሳል? እዚያ ማዶ የምትጠብቅ ልጅ አለች።»

ካፖርታቸው ላይ ያረፈውን ውሃ በእጃቸው አራገፉ። አጥሩን ተሻግረው ወደ ግንዱ፣ ሰሌዳው ወደሚወዛወዝበት፣ ረዘም አድርገው አዩ።

«እሱንማ ጎረቤትዎን ይጠይቁ እንጂ» አሉኝ። «ካወቋቸው ማለቴ ነው።»